አፈርንና ተባይን በእጅ እየነኩ መማር፦ አዳማ ላይ በግቢያችን የምናለማ ሰዎች ከየት እንጀምር?

የጓሮ አልሚዋ (አዳማ)

ጤና ይስጥልኝ። በአዳማ ከተማ በአንድ መንደር የምንኖር፣ አብዛኞቻችን ሴቶች የሆንን ጎረቤታሞች በየግቢያችንና ለጊዜው እንድንጠቀምበት በተፈቀደልን አንድ ባዶ ቦታ ላይ ቆስጣ፣ ሐበሻ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቃሪያና ቲማቲም እናለማለን። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በሰፈራችን ግቢውን ያልቆፈረ ሰው ጥቂት ነው፤ ዘርና ችግኝ ማግኘትም አያስቸግርም። የጎደለን ዕውቀቱን በእጃችን የምንለማመድበት መንገድ ነው። ሥልጠና አልተሰጠንም ማለቴ አይደለም። ሆኖም ሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን በግድግዳ ላይ የሚታይ ጽሑፍ ስናነብ ውለን፣ ማታ የአበል መዝገብ ፈርመን የተለያየንበት ስለነበር፣ አንድም ሰው አፈር ሳይነካ፣ አንድም ቅጠል ገልብጦ ሳያይ ተጠናቀቀ።

አሁን የገጠመን ችግር ይህንን ክፍተት አጉልቶ አሳይቶናል። የቃሪያችን ቅጠል ከጫፉ፣ ማለትም አዲስ ከሚወጣው ለጋ ቅጠል ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ነው። አንዷ ጎረቤታችን «ዩሪያ ስላነሰው ነው» ትላለች፤ ሌላዋ የምጣድ አመድ እንድንጨምር ትመክራለች፤ የእርሻ መድኃኒት የሚሸጠው ልጅ ደግሞ ችግሩን ሳያይ የሚረጭ ነገር ሰጥቶን ሄዷል። ቲማቲሙም ቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ፣ ውስጡ የተበላ የሚመስል ነጠብጣብ ይታይበታል፤ ፍሬውም ከእጀታው አጠገብ ቀዳዳ አለው። ሦስት ሰው ሦስት መፍትሔ ሲሰጠን ማንኛቸው ትክክል እንደሆኑ የምንለይበት ነገር በእጃችን የለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ የሚከተለው ነው። ላቦራቶሪና ብዙ ገንዘብ የሌለው የጎረቤት ቡድን፣ ከተከላ እስከ ለቀማ ባለው አንድ የምርት ወቅት፣ የአፈሩን ጤንነትና የተባዩን ማንነት በተግባር የሚማርበትን ዝግጅት እንዴት ቢያዋቅረው ይሻላል? ሞክራችሁ ያያችሁትን ብታካፍሉን ትልቅ ውለታ ነው።

ጡረተኛው የግብርና ባለሙያ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ቦታ ላይ አርፏል፤ የከተማ አልሚ የሚቸገረው አብዛኛውን ጊዜ በመፍትሔ እጦት ሳይሆን ምን እንደታመመ ሳይታወቅ በሚሰጥ መፍትሔ ብዛት ነውና። በቃሪያው ልጀምር። ቢጫነቱ የጀመረው ከታች፣ ካረጁት ቅጠሎች ቢሆን ኖሮ የናይትሮጂን እጥረት ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነበር፤ ተክሉ ናይትሮጂን ሲያንሰው ካረጀው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣልና። አንቺ የገለጽሽው ግን ተቃራኒውን ነው። ብረት በተክሉ ውስጥ ከቦታ ቦታ በቀላሉ ስለማይንቀሳቀስ እጥረቱ የሚታየው በለጋው ቅጠል ላይ ነው። የቅጠሉ ሥሮች አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ክፍል ብቻ ቢጫ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ነገ ጠዋት አንድ ቅጠል ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ የመጀመሪያው ትምህርታችሁ እርሱ ይሁን።

የአመዱን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በሬዲዮና በሥልጠና የምንሰማው አብዛኛው የአፈር ምክር የተዘጋጀው ዝናብ ለሚበዛባቸውና አፈራቸው አሲዳማ ለሆነ ደጋማ አካባቢዎች ነው፤ እዚያ ኖራም አመድም መጨመር ይጠቅማል። አዳማ ግን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በ1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ አፈሯም ከእሳተ ገሞራ አመድና ከቀላል ድንጋይ የመጣ፣ በአብዛኛው ከገለልተኛ እስከ አልካላይን (የአሲዳማ ተቃራኒ) የሆነ ነው። እንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ብረትና ዚንክ ቢኖሩም እንኳ ሥሩ በሚወስደው መልክ አይሟሙም፤ አመድ ደግሞ አልካላይነቱን ያባብሰዋል። ወለጋ ላይ መድኃኒት የሆነው ነገር እዚህ በሽታውን ያጸናዋል። ዩሪያውም ቢሆን 46 በመቶ ናይትሮጂን ነው፤ ብረት የለውም። ከልክ ካለፈ ቅጠሉን ለስላሳና ጭማቂ የበዛበት አድርጎ ክሽክሽ የሚባሉትን ጭማቂ መጣጭ ጥቃቅን ነፍሳት ከመጥራት ያለፈ ለዚህ ችግር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ይህን በቃል ከማመን ይልቅ በዓይናችሁ እንድታዩ አንድ ሙከራ ልንገራችሁ። ከመደቡ አንድ እፍኝ ደረቅ አፈር ወስዳችሁ ከማዕድ ቤት አቼቶ ጥቂት ጠብታ ጣሉበት። ሲንተከተክና አረፋ ሲያወጣ ከታየ ካልሲየም ካርቦኔት (የኖራ ዓይነት ማዕድን) አለበት ማለት ነው፤ ለዚያ መደብ ኖራም አመድም አያስፈልገውም። አረፋ ባይታይ አፈሩ አሲዳማ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ፤ ሙከራው የሚነግራችሁ ካርቦኔት መኖሩን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ የአፈሩን ቅንጣት መለየት ነው። አንድ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ሲሶውን በተነፋ አፈር፣ የቀረውን በውሃ ሞልታችሁ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ በደንብ ነቅንቁና አስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ከታች ይዘቅጣል፤ ደለሉ ሰዓታት ይወስዳል፤ ሸክላው ግን አንድ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። የእያንዳንዱን ንጣፍ ውፍረት በማስመሪያ ስትለኩት ውሃችሁ ለምን ቶሎ እንደሚጠፋ ወይም ለምን ላይ ላዩን እንደሚተኛ ትረዳላችሁ።

ሦስተኛውን እኔ በጣም እወደዋለሁ፤ ለትምህርት የሚበልጠው የለም። ከሚታረስ መደብና ከአጥር ሥር ሣር ከበቀለበት ቦታ አንድ አንድ የደረቀ ጓል አምጥታችሁ፣ ውሃ በሞላባቸው ሁለት ብርጭቆዎች ውስጥ በወንፊት ቁራጭ ላይ አስቀምጧቸው። ከአጥር ሥር የመጣው ብዙውን ጊዜ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፤ በየጊዜው የተቆፈረውና ፍግ ያላየው ግን ፈራርሶ ውሃውን ያደፈርሰዋል። ጓሉን አያይዞ የሚያቆየው የተክል ሥር፣ የፈንገስ ክርና ረቂቅ ሕዋሳት የሚያመነጩት ሙጫ መሰል ነገር ነው። ከዚያ በኋላ «አፈር ሕይወት አለው» የሚለውን ለማስረዳት ንግግር አያስፈልግም።

ኮምፖስት ለመሥራት የጤፍ ጭድ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላና ፍግ በቂ ናቸው። የጫት ገረባም ሰፈራችሁ ውስጥ ሞልቷል፤ ነገር ግን ጫት ላይ ምን እንደሚረጭ ስለማይታወቅ እኔ በግሌ አልጨምረውም። ክምሩ በየአቅጣጫው ወደ አንድ ሜትር ካልደረሰ ሙቀት አይዝም። መሐሉ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ለጥቂት ቀናት ሲቆይ አብዛኛው የአረም ዘርና የበሽታ ተሕዋስ ይሞታል፤ ስለዚህም የውጩ ወደ ውስጥ እንዲገባ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የብረት ዘንግ ክምሩ ውስጥ ሰክታችሁ ቆይታችሁ አውጡት፤ በእጅ ይዞ መቆየት የሚያስቸግር ከሆነ ክምሩ እየሠራ ነው።

ከታቦር ሥር (ሐዋሳ)

ስለ አፈሩ የተጻፈው እኛም ጋ የሚሠራ ነው፤ የሐዋሳም አፈር የዚያው ስምጥ ሸለቆ ልጅ ነውና። እኔ ስለ ተባዩ ጥቂት ልጨምር።

በተግባር የመማር መንገድ አዲስ ፈጠራ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ የኢንዶኔዥያ ሩዝ አምራቾች የሚረጩት መድኃኒት ሩዙን ከሚያጠፋው ተባይ ይልቅ ተባዩን የሚበሉትን ሸረሪቶችና ሌሎች ነፍሳት እየገደለ ተባዩን አብዝቶባቸው ነበር። መንግሥታቸው በ1986 ለሩዝ የሚውሉ 57 ዓይነት መድኃኒቶችን አገደ፤ በ1989 ደግሞ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ የገበሬዎች የመስክ ትምህርት ቤት የሚባለው አሠራር ተጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቡድኑ በየሳምንቱ በአንድ የታወቀ ቀን ማሳ ላይ ይገናኛል፣ ያያል፣ ይስላል፣ ይከራከራል፣ ይወስናል። አስተማሪው መልስ አይሰጥም፤ «ይህ ምንድን ነው?» ሲባል «የት አገኘኸው? ምን ሲያደርግ አየኸው?» ብሎ መልሶ ይጠይቃል። ይህ ለጀማሪ አሰልቺ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ሰው ራሱ ያየውን አይረሳውም።

ለእናንተ ቡድን የሚሆነው አካሄድ እንደሚከተለው ነው። ነፍሳቱ ገና ሳይሟሟቁ፣ ማለዳ ተገናኙ። ከመደቡ አሥር ተክል እዚህም እዚያም ምረጡ፤ ያማሩትን ወይም የታመሙትን ብቻ አትምረጡ። የእያንዳንዱን ቅጠል ታችኛውን ገጽ ገልብጣችሁ ቁጠሩ። ከዚያም በትልቅ ወረቀት ላይ ተክሉን ከነሥሩ መሐል ላይ ሳሉ፤ በግራ በኩል ተክሉን የሚበሉትን ተባዮች፣ በቀኝ በኩል ተባዮቹን የሚበሉትን ነፍሳት፣ ከላይ የሰሞኑን አየር፣ ከታች የአፈሩን እርጥበት አስፍሩ። ያለፈው ሳምንት ሥዕል አጠገቡ ሲሰቀል ተባዩ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑ ለማንም፣ ማንበብ ለማይችሉ እናቶችም ጭምር፣ በግልጽ ይታያል። የሚረጭም ካለ ውሳኔው የሚሰጠው ከሥዕሉ ፊት ቆሞ ነው።

በጎመን ላይ ግራጫ ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስል ክሽክሽ ስታዩ ወዲያው አትደንግጡ። በመካከላቸው ያበጡ፣ ቡናማና ደረቅ የሆኑ ካሉ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ እነዚያ ጥቃቅን ተርብ እንቁላሏን ውስጣቸው የጣለችባቸው የሞቱ ክሽክሾች ናቸው። ከእነርሱ የሚፈለፈለው አዲስ ተርብ ሌሎቹን ይጨርሳል። ቀይዋን ነጠብጣባም ጥንዚዛ ሁሉም ሰው ያውቃታል፤ ልጇን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ጥቁር፣ ረዘም ያለች፣ ጎኗ ላይ ብርቱካንማ ምልክት ያላት፣ ለዓይን የማታምር ስለሆነች ብዙ ሰው ተባይ መስላው ይጨፈልቃታል። አንዷን ክሽክሽ ካለበት ቅጠል ጋር በጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍኑ፤ ክሽክሹን ቆጥራችሁ አስገቡ፤ በማግስቱ ድጋሚ ቁጠሩ። የእኛ ቡድን ውስጥ በጣም መድኃኒት ወዳድ የነበረ ሰው ከዚህ በኋላ ነው ረጋ ያለው።

ክሽክሹ ካየለ በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና ቀላቅሎ አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ታች ማርጠብ ይረዳል፤ ኦሞና መሰል የዱቄት ሳሙና ግን ቅጠል ያቃጥላል። እዚያው ከተማችሁ መንገድ ዳር የሚበቅለው የኒም ዛፍም አለ። ፍሬው ደርቆ፣ ተፈልፍሎ፣ 50 ግራም ያህሉ ከተወቀጠ በኋላ በአንድ ሊትር ውሃ ሲዘፈዘፍ ያድርና ተጠልሎ ይረጫል። ፀሐይ ኃይሉን ቶሎ ስለምታጠፋው እርሱም የሚረጨው ማታ ነው።

ቲማቲማችሁን የያዘው ከገለጻሽ እንደሚመስለኝ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ቅጠል ሰርሳሪ ትል ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ነው። ነጣ ያለውን ቦታ ወደ ብርሃን አድርጋችሁ ስታዩ ትሉና ጥቁር ኩሱ በሁለቱ የቅጠል ገጾች መካከል ይታያል። የተጎዳውን ቅጠልና ፍሬ ልቀሙ፤ ኮምፖስት ውስጥ አትጣሉት። ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስራችሁ ፀሐይ ላይ አቆዩት። ጥቁር አውጥ የሚባለው አረምም ትሉን ያስጠልለዋልና በመደቡ ዙሪያ የበቀለውን ንቀሉት።

የአዋሽ ዳር አምራች

ከላይ የተጻፈው መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰው እንዳይሳሳት አንድ ሁለት ነገር በግልጽ መባል አለበት። ቱታን ሳሙና አይነካውም፤ ትሉ ቅጠሉ ውስጥ ተሸሽጎ ሳለ በላይ የተረጨ ሳሙና የት ያገኘዋል? እኛ ለገበያ የምናመርት ሰዎች ጠንካራ የሚባለውን መድኃኒት እየቀያየርን ስንረጭ እንኳ በበጋው ሙቀት ይበረታብናል፤ ለብዙዎቹ የቆዩ መድኃኒቶች ተላምዷልና። ስለዚህ የመማሪያ ሰብላችሁን ቲማቲም አታድርጉ። በቆስጣ፣ በሰላጣና በጎመን ጀምሩ። ቶሎ ይደርሳሉ፣ በአንድ ወቅት ደጋግሞ መትከልና ማወዳደር ይቻላል፣ ተባያቸውም በዓይን የሚታይ ነው። ቲማቲሙን ሁለት ሦስት እግር ብቻ ለመመልከቻ ያህል አቆዩ።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ ሻጩ የሰጣችሁን ጠርሙስ ወይም ከረጢት አውጡና ምን እንደሆነ አንብቡ። ማንኮዜብ ከሆነ ለፈንገስ በሽታ እንጂ ለትልም ለክሽክሽም አይሠራም፤ ይህን ሳያውቁ ለትል የሚረጩ ብዙ ናቸው። ሌላው ቁም ነገር ከርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበት ጊዜ ነው፤ በመለያው ላይ በቀናት ተጽፏል። ቆስጣ በየጥቂት ቀኑ እየተቀነጠሰ የሚበላ ሰብል ስለሆነ ያንን ጊዜ የምታከብሩበት ፋታ የላችሁም። በእኔ አስተያየት ለጓሮ ቅጠላ ቅጠል የኬሚካል መድኃኒት ጨርሶ አይገባም፤ ምክንያቴ ርኅራኄ ሳይሆን ይኸው የቀን ስሌት ነው። ባዶውን ዕቃም ለውሃም ለዘይትም እንዳትጠቀሙበት።

የጓሮ አልሚዋ (አዳማ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አቼቶውን ዛሬውኑ ሞከርነው፤ አመድ የሚደፋበት መደብ በጣም አረፋ አወጣ፣ ራቅ ብሎ ያለው ግን ጥቂት ብቻ። ቅጠሉንም ወደ ፀሐይ አድርገን ስናየው ሥሮቹ አረንጓዴ ናቸው። ሁለት ነገር ልጨምር። እናቶቻችን አመዱን አፈር ላይ ሳይሆን ጎመኑ ቅጠል ላይ ይነሰንሱታል፤ እርሱም ይቅር ማለት ነው? ደግሞም አንዱን የጠወለገ የቃሪያ እግር ስንነቅለው ሥሩ ላይ እባጭ አገኘን። አንዷ እህታችን «ይህማ ባቄላ ሥር ላይ የሚታየው ጥሩው ነገር ነው» አለች። እውነት ነው?

ጡረተኛው የግብርና ባለሙያ

በጤዛ ሰዓት ቅጠል ላይ የሚነሰነስ ጥቂት አመድ ለክሽክሽና ለሌሎች ቅጠል በሎች አይመችም፤ ብልሃቱ የቆየ ነው፣ እኔም አልነቅፈውም። የሚጎዳው በየቀኑ ከምጣድ ሥር እየተጠረገ አንድ ቦታ የሚደፋው ነው። እርሱን አቁሙና የአመዱን መደብ ለሁለት ክፈሉት፤ አንዱ ወገን ኮምፖስትና ጉዝጓዝ ያግኝ፣ ሌላው ባለበት ይቆይ፤ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ችግኝ በአንድ ቀን ተክላችሁ አዲስ የሚወጣውን ቅጠል አወዳድሩ። ውሃም አታብዙ፤ ሥር አየር ሲያጣ ብረት መውሰድ ይቸግረዋልና ውሃ የተኛበት መደብ ተመሳሳይ ቢጫነት ያሳያል።

እባጩ ግን ሌላ ነገር ነው። የባቄላ፣ የቦሎቄና የሌሎች ጥራጥሬዎች ሥር ላይ የሚታየው ጠቃሚ እንክብል ከሥሩ ጎን የተለጠፈ ነው፤ በጣት ሲነካ በቀላሉ ይላቀቃል፣ ሲሰነጠቅም በሥራ ላይ ያለው ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ነው። ቃሪያ ጥራጥሬ ስላልሆነ ይህ እንክብል ሊኖረው አይችልም። እባጩ የሥሩ አካል ሆኖ ካበጠና ሥሩን ሳይበጥሱ ማላቀቅ ካልተቻለ ሥር አሳባጭ ኔማቶድ ነው፤ በዓይን የማይታይ፣ ሥር ውስጥ ገብቶ የሚኖር ረቂቅ ትል። ሁለቱን ሥር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ለእህታችን አሳዩአት፤ የእርሷ ጥያቄ ለቡድናችሁ ጥሩ የትምህርት ርዕስ ነው።

ያንን እግር ከነሥሩ አውጥታችሁ አቃጥሉት፤ ዶማና አካፋውንም ሌላ መደብ ከመግባቱ በፊት እጠቡት። ቦታው ላይ በተከታታይ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ደበርጃን አትትከሉ፤ ሽንኩርት ወይም በቆሎ ይግባበት። አዳማ ፀሐይ አላት፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የሙቀት ወቅት መደቡን በደንብ አጠጥታችሁ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ብርሃን አስተላላፊ ላስቲክ ከአፈሩ ጋር አጣብቃችሁ ዳር ዳሩን በአፈር ቅበሩትና ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አቆዩት። ጥቁር ላስቲክ ሙቀቱን እንዲሁ ወደ አፈሩ ስለማያስገባ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። በላይኛው አፈር ያለው ኔማቶድ በብዛት ይቀንሳል፤ ጥልቁ ውስጥ ያለው ግን ስለሚተርፍ ተከታዩን ተከላ በኮምፖስት ማጠናከር ያስፈልጋል።

የአፈር ናሙና በላቦራቶሪ ለማስመርመር ከወሰናችሁ፣ ከከተማችሁ ብዙም የማይርቀውና በአትክልትና ፍራፍሬ ላይ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራ የቆየው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ። ናሙናውን የአመዱን መደብና ሌላውን ለይታችሁ፣ ከእያንዳንዱ ከአሥር ያላነሱ ቦታዎች እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ቆፍራችሁ፣ በንጹሕ ባልዲ ቀላቅላችሁና በጥላ ሥር አድርቃችሁ ውሰዱ። ፍግ ወይም ማዳበሪያ በጨመራችሁ ሰሞን የተወሰደ ናሙና የማዳበሪያውን እንጂ የአፈሩን ነገር አይናገርምና ከዚያ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል።